ፒክአፑ እየተኮሰ ሲያስቸግር፡ ባክፋየር ከየት እንደሚመጣ በየተራ አጣርቶ ማግኘት

መኪናው ይተኩሳል (ባክፋየር፣ ማለትም ነዳጁ ከሲሊንደር ውጪ ይፈነዳል) ብላችሁ ጋራዥ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት "ካንዴላ ቀይርለት" ነው፣ ካልተሻለው "ካርቡሬተሩ ይታጠብ"፣ አሁንም ከተኮሰ "ቦቢናው ነው"፣ መጨረሻ ላይ ደሞ "ቴስታታው ይውረድ" ይመጣል። (ካንዴላ ሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚሰጠው ነው፣ ካርቡሬተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው፣ ቦቢና ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው፣ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል።) በዚህ አይነት ከሰበታ ሶማሌ ተራ እየተመላለሰ ግማሽ ሞተር የሚሆን ዕቃ የገዛ ሰው አውቃለሁ፣ በመጨረሻ የተገኘው ጭስ መውጫው ማኒፎልድ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ቱቦ) ላይ የተቃጠለች አንዲት ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ነበረች፣ የተቀየረው ዕቃ በሙሉ ደህና ነበር። ስለዚህ ምንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ፣ ተኩሱ በየት በኩል እንደሚወጣና መቼ እንደሚወጣ። እሱን ካወቃችሁ ሌላው ይቀላል።

የማወራው በብዛት እዚህ ከተማው ዳር ዳሩን አሸዋ፣ ብሎኬት፣ አትክልት፣ የከብት መኖ ስለሚያመላልሱት የቤንዚን መኪኖች ነው፣ ሃይሉክስ ባለ 22አር፣ ባለ 3ዋይና 4ዋይ፣ ኒሳን ባለ ዜድ24 (እነዚህ የሞተር ዓይነት መለያዎች ናቸው)፣ አሮጌ ላንድክሩዘር፣ ካርቡሬተርና ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው) ያላቸው ማለቴ ነው። ስለ ኢንጄክሽንና ስለ ናፍጣ መጨረሻ ላይ ትንሽ እላለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

በካርቡሬተር በኩል የሚተኩስ ሞተር እሳት ነው የሚተፋው፣ ቀልድ አይደለም። የአየር ማጣሪያውን ፈታችሁ ፊታችሁን ካርቡሬተሩ አፍ ላይ ደቅናችሁ ረዳቱን "አስነሳው" እንዳትሉት፣ ቅንድብ የነደደበት ሰው ብዙ ነው። አልነሳ ያለ ሞተር ላይ በሃይላንድ ቤንዚን እያፈሰሱ ማስነሳት የሚባለውንም ነገር ተዉት። የእሳት ማጥፊያ ከሌላችሁ ቢያንስ ደረቅ አሸዋ በባልዲ አጠገባችሁ ይኑር፣ የቤንዚን እሳት ላይ ውሃ አይደፋም። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ ጎማው ድንጋይ ይደረግበት፣ ነጠላም ሆነ ሻርፕ አንገት ላይ አይንጠልጠል፣ ፋኑ ይወስደዋል። ሥራው ከተዘጋ ቤት ውጪ ይሁን።

1. በየት በኩል ነው የሚተኩሰው

ሁለት ሰው ሁኑ። አንዱ ጋቢና ገብቶ ቤንዚን ይስጥ፣ ሌላው ቆሞ ይስማ። "ፓፍ" ወይም "ቱፍ" የሚል የታፈነ ድምፅ ከላይ ከአየር ማጣሪያው ከመጣ የመግቢያው በኩል ነው፣ "ቧ!" ብሎ ሰፈሩን የሚያስደነግጠውና ከኋላ ከማርሚታው (የጭስ መውጫው ድምፅ ማፈኛ) የሚመጣው ደሞ የመውጫው ነው። ሁለቱም አንድ ስም ተሰጥቷቸው ባክፋየር ይባላሉ እንጂ መንስኤያቸው ይለያያል።

ከላይ የሚተኩስ ከሆነ ውስጥ ያለው እሳት የመግቢያ ቫልቭ ሲከፈት አልጠፋም፣ ወይም ቫልቩ በደንብ አልተዘጋም፣ ወይም ካንዴላው በማይገባው ሰዓት እየመታ ነው ማለት ነው። አየር የበዛበት ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚነድ እዚህ ውስጥ ይገባል። ከኋላ የሚተኩስ ከሆነ ግን ሲሊንደር ውስጥ ያልነደደ ቤንዚን ወደ ጭስ መውጫው ሄዶ እዛ አየርና ሙቀት አግኝቶ ነው የሚፈነዳው።

ቀጥሎ መቼ? ይሄንን ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ጋራዥም ከሄዳችሁ መካኒኩን ብዙ ታግዙታላችሁ። ጠዋት በብርድ ብቻ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ፔዳሉን ድንገት ስትረግጡት ነው? ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ነው? ወይስ ቁልቁለት ላይ እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ? ለምሳሌ ከሱሉልታ ወደ ከተማ ስትወርዱ በማርሽ ይዛችሁ እግር ስታነሱ ብቻ ከኋላ የሚንጣጣ ከሆነ በቀጥታ ወደ 6ኛው ሂዱ፣ ካንዴላውን አትንኩት። ፔዳሉን ድንገት ስትረግጡ አንዴ ከላይ "ቱፍ" ብሎ ከዛ የሚስተካከል ከሆነ ደሞ 5ኛው ላይ ያለችው ትንሿ ፓምፕ ነች በብዛት። ሞተሩ ከታጠበ ማግስት የጀመረ ከሆነ ላቫጆው ውሃ ካሎታው (የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን) ውስጥ ከቶላችኋል።

2. ካንዴላ፣ ገመድ፣ ካሎታ

ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ በተራቸው አስቀምጧቸው፣ የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ እንዳይምታታ። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ሆኖ የነጣ ከሆነ አየር በዝቷል ወይም ሙቀት አለ፣ በዘይት የራሰ ከሆነ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎሚኒ (የዘይት ማሸጊያ ጎማ) ነው። አራቱም አንድ አይነት ጥቁር ከሆኑ ችግሩ የጋራ ነው፣ ካርቡሬተር ወይም የአየር ማጣሪያ። አንዱ ብቻ ከለየ ግን ችግሩ የዛ ሲሊንደር ነው፣ ካርቡሬተሩን ፈታችሁ አትድከሙ። የ22አር ክፍተት 0.8 ሚሊሜትር ነው፣ በአይን ሳይሆን በመለኪያ።

ከዛ ገመዶቹ። የአራት ሲሊንደሮቹ የአብዛኞቹ መተኮሻ ተራ (ካንዴላዎቹ የሚመቱበት ቅደም ተከተል) 1-3-4-2 ነው፣ የላንድክሩዘሮቹ 2ኤፍና 3ኤፍ 1-5-3-6-2-4። ካሎታውን አውርዱትና ረዳት ቁልፉን ትንሽ ገፋ ሲያደርገው ሮተሩ (ካሎታው ሥር የሚዞረው) በየት አቅጣጫ እንደሚዞር እዩ፣ ከአንደኛው ተነስታችሁ በዛ አቅጣጫ ገመዶቹን ቁጠሩ። ሁለት ገመድ የተቀያየረበት ሞተር ይነሳል፣ ይሄዳልም፣ ግን ይንቀጠቀጣል፣ አቅም የለውም፣ ከላይም ከኋላም ይተኩሳል። ትናንት ደህና የነበረ መኪና ካንዴላ ከተቀየረለት በኋላ መተኮስ ከጀመረ ሌላ ነገር ሳትጠረጥሩ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ካሎታው ላይ ጊዜ ውሰዱ እባካችሁ፣ ሰው ሁሉ ከላይ ጠርጎ ነው የሚመልሰው። ገልብጣችሁ በፀሐይ ወይም በስልክ ባትሪ ውስጡን እዩት። የምትፈልጉት በእርሳስ የተሰመረ የምትመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ነው፣ ከአንዱ የነሐስ ነጥብ ተነስታ ወደ ጎረቤቷ ወይም ወደ ጫፉ የምትሄድ። በጥፍር ስትፍቋት አትለቅም፣ ምክንያቱም ፕላስቲኩ ውስጥ የተቃጠለ ካርቦን ነው። እሳቱ በዛች መስመር አድርጎ ተራው ላልደረሰ ሲሊንደር ይሄዳል፣ ያኔ የመግቢያ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ካገኘው በካርቡሬተር በኩል ይተኩሳል። እንዲህ አይነቱን ካሎታ በብርጭቆ ወረቀት እያሹ መመለስ ጥቅም የለውም፣ ይቀየር። መሃሉ ላይ ያለችው ጥቁር የካርቦን ጫፍ በሞላ የምትገፋ ናት፣ ተበልታ አልቃ ወይም ሰምጣ ከሆነም እንደዛው።

ማታ ሲጨልም ኮፈኑን ክፈቱና በሚረጭ ጠርሙስ (ስፕሬይ) ውሃ ገመዶቹ ላይ በስሱ ንፉ፣ ሞተሩ እየሠራ። ሰማያዊ እሳት ከገመድ ወደ ገመድ ወይም ወደ ብረት ሲዘል ካያችሁ አገኛችሁት። በመለኪያ ከሆነ የቶዮታ ገመድ አንዱ ከ25 ኪሎኦም መብለጥ የለበትም።

ፑንቲና (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ) ያለው አሮጌ ከሆነ ክፍተቱ ለቶዮታ 0.45 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ጫፉ ተጠብሶ ጉድጓድና ጉብታ ከሠራ ኮንዴንሰሩንም አብራችሁ ቀይሩ። ሞቆ ከቆየ በኋላ ብቻ ሚስ እያደረገ (አንዳንዴ ሲሊንደሩ ሳይነድ እየቀረ) ከኋላ የሚተኩስና ቀዝቅዞ ሲነሳ ደህና የሚሆን ከሆነ ቦቢናውን ወይም የኤሌክትሮኒኩን ኢግናይተር (በፑንቲና ፈንታ ያለውን) ጠርጥሩ። ማረጋገጫው ችግሩ እየታየ ባለበት ሰዓት ደህንነቱ የታወቀ ሌላ ቦቢና በተውሶ አድርጎ ማየት ነው። ተውሱ እንጂ አትግዙ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደሞ ተሸጦ አይመለስም።

የትኛው ሲሊንደር እንደሰነፈ ለማወቅ ሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት) ላይ እያለ ገመዶቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፣ በጎማ በተሸፈነ ፒንሳ፣ የነቀላችሁትን ገመድ ጫፍ ደሞ ብረት አስነኩት እንጂ አየር ላይ አትተዉት፣ ኢግናይተሩን ያቃጥላል። ነቅላችሁት ሞተሩ ከወደቀ ያ ሲሊንደር እየሠራ ነበር። ነቅላችሁት ምንም ካልተለወጠ እሱ ነው የሞተው።

3. ታይሚንግ

ታይሚንግ ማለት ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ሰዓት ነው። ብዙ ሰው እዚህ በጆሮ ነው የሚመታው፣ ዲስትሪቢዩተሩን እያዞረ "እዚህ ጋ ደስ አለው" ይላል። ሞተሩ ባዶውን ደስ ቢለውም ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ሌላ ነው። ታይሚንግ ላይት (በብልጭታ ታይሚንጉን የሚያሳይ መብራት) ያለው ጋራዥ ፈልጉ ወይም ለግማሽ ቀን ተከራዩ። ሞተሩ ሞቆ፣ ሚኒሞው ተስተካክሎ፣ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚገባው የቫኪዩም (የሞተሩ የመሳብ ኃይል) ቱቦ ተነቅሎና አፉ ተደፍኖ ነው የሚለካው። ትክክለኛው ቁጥር ኮፈኑ ውስጥ ያለው ተለጣፊ ላይ አለ፣ ብዙ የካርቡሬተር 22አሮች ላይ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 8 ዲግሪ በፊት ነው።

ታይሚንጉ የዘገየ ሞተር ይሞቃል፣ አቅም ያጣል፣ ቤንዚኑ ሳይጨርስ ወደ ማኒፎልዱ ስለሚወጣ ከኋላ ይተኩሳል፣ በጣም ከዘገየ ማታ ላይ ማኒፎልዱ ሲቀላ ታዩታላችሁ።

የቫኪዩም ቱቦውን ከካርቡሬተሩ በኩል ነቅላችሁ በአፋችሁ ሳቡት፣ ካሎታው ወርዶ ከሆነ ውስጥ ያለው ሳህን ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፣ በምላሳችሁ ስትደፍኑት ደሞ ባለበት መቆየት አለበት። ቀስ እያለ ከተመለሰ ዲያፍራሙ (ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን) ተቀዷል፣ ያ ደሞ ራሱ የአየር መግቢያ ቀዳዳ ነው፣ ሁለት ችግር በአንዴ።

አሁን ብዙ ሰው የማይሠራው ግን ምንም ወጪ የሌለው ፍተሻ። ካሎታው ወርዶ፣ ቁልፍ ተነቅሎ፣ የፊተኛውን ትልቁን የፑሊ ብሎን በቁልፍ ይዛችሁ ሞተሩን በእጅ ወደ አንድ በኩል አዙሩ፣ ከዛ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ መልሱትና ሮተሩ መቼ እንደሚከተል እዩ። ፑሊው ከ5 እስከ 8 ዲግሪ በላይ ሄዶ ሮተሩ ካልነቃነቀ ሰንሰለቱ ረዝሟል ወይም የዲስትሪቢዩተሩ ጥርስ ተበልቷል። 22አር በሰንሰለት ነው የሚሠራው፣ የፕላስቲክ መሪዎቹ ሲሰበሩ ጠዋት ሲነሳ ፊት ለፊት "ሸርርር" የሚል ድምፅ አለው፣ ሰንሰለቱ ሽፋኑን እየፋቀ ውሃ ከዘይት ጋር እስኪቀላቀል ይሄዳል። ያንን ድምፅ እየሰማ ባክፋየሩን በካርቡሬተር ለመጠገን የሚሞክር ሰው ብሩን ነው የሚጥለው። ሰንሰለቱ አንድ ጥርስ ከዘለለ ደሞ ዲስትሪቢዩተሩን ምንም ብታዞሩት አይስተካከልም።

4. ያልተፈለገ አየር

ከላይ የሚተኩስ ሁሉ እዚህ ጋ በደንብ መታየት አለበት። የደረቁ ትንንሽ ቱቦዎች፣ የካርቡሬተሩ ሥር ያለችው ወፍራም ጓርኒሲዮን፣ የመግቢያው ማኒፎልድ፣ ወደ ፍሬኑ ሰርቮ (የፍሬን ማገዣው) የሚሄደው ወፍራሙ ቱቦ። በ2001 ዓ.ም ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀምሮ በ2003 ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር፣ ኢታኖል ደሞ የድሮ ጎማና ዲያፍራም አይወድም፣ የ80ዎቹ መኪና ላይ ያለ ኦሪጅናል ቱቦ እስካሁን ደህና ነው ብላችሁ አትመኑ፣ እጠፉትና ስንጥቁን እዩ።

ፍተሻው ቀላል ነው፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ በስሱ መጋጠሚያዎቹ ላይ ንፉ፣ ውሃው ስንጥቁን ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል፣ ወይም "ፍስስ" ብሎ ሲስበው ይሰማል። ቤንዚን ወይም የካርቡሬተር ማጠቢያ የሚነፉ አሉ፣ ይሠራል ግን የጋለ ማኒፎልድ አጠገቡ ነው ያለው፣ እኔ አልመክርም። የሰርቮውን ቱቦ በፒንሳ ጨመቅ አድርጉት፣ ሞተሩ ወዲያው ከተስተካከለ ሰርቮው ነው የሚያስገባው፣ ያ ደሞ የፍሬን ጉዳይ ስለሆነ ነገ አትበሉ።

የቫኪዩም ጌጅ ያለው ሰው ደሞ እዚህ ይጠንቀቅ። ከውጭ ቪዲዮ ያየ ሁሉ "ከ17 እስከ 21 ኢንች ካላነበበ ሞተሩ ሞቷል" ይላል። ያ የባህር ጠለል ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ገደማ ይቀንሳል፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እዚህ ጤነኛ ሞተር ከ9 እስከ 13 ያነባል። ከቁጥሩ ይልቅ መርፌውን እዩ፣ ረግቶ ከቆመ ጥሩ፣ በእኩል ልዩነት ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ ከሆነ አንድ ቫልቭ አይዘጋም፣ ረግቶ ግን ዝቅ ያለ ከሆነ አየር ይገባል ወይም ታይሚንጉ ዘግይቷል።

5. ካርቡሬተርና ቤንዚን

ቤንዚኑን ከየት ነው የቀዳችሁት? ማደያ ሰልፍ ሲረዝም መንገድ ዳር በጀሪካን የገዛችሁት ከሆነና መተኮሱ ከዛ በኋላ ከጀመረ መልሱ እሱ ሊሆን ይችላል፣ ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ የገባበት ቤንዚን በደንብ አይነድም። ግልፅ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ቅዱና አስቀምጡት፣ ውሃ ካለ ታች ይተኛል። ነጭ ጋዝ በአይን አይታይም፣ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉት፣ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ይደርቃል፣ ነጭ ጋዝ ቅባት መሳይ ምልክት ይተዋል። ያ ከሆነ ታንኩ ይውረድ፣ ሌላ ፍተሻ አያስፈልግም።

ደህና ከሆነ፣ የቤንዚን ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ርካሽ ነው። ከዛ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ የአየር ማጣሪያውን አንስታችሁ፣ የካርቡሬተሩን አፍ ከላይ እያያችሁ የፔዳሉን ገመድ በእጅ ሳቡት። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ወዲያው "ጭርር" ብሎ መረጨት አለበት፣ ገና መሳብ ስትጀምሩ። ዘግይቶ ከመጣ፣ ወይም ጠብ ጠብ ካለ፣ ወይም ምንም ከሌለ ትንሿ የማፍጠኛ ፓምፕ ዲያፍራሟ ደርቋል ወይም ቀዳዳዋ ተደፍኗል። ፔዳሉን ስትረግጡ አየሩ ቀድሞ ይገባል፣ ቤንዚኑ ይዘገያል፣ "ቱፍ" ይላል። ይሄ ብቻውን ብዙ ሰው ካርቡሬተር ያስቀየረ ነገር ነው፣ መጠገኛ ኪቱ ግን ከካርቡሬተሩ ጋር የሚወዳደር ዋጋ የለውም።

የቶዮታው ካርቡሬተር ጎን ላይ ትንሽ መስታወት አለች፣ የቤንዚኑ ከፍታ እሷ ላይ ይታያል፣ መሃል አካባቢ ካልሆነ ተንሳፋፊው ወይም መርፌው ይታይ። ቁልፍ ሲከፈት ካርቡሬተሩ ላይ ያለችው ሶሌኖይድ "ቀጭ" ማለት አለባት፣ ካላለች ሚኒሞ አይይዝም።

ከፍታው እዚህም አለ። ፋብሪካው ጂግለሩን (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑ ተመጥኖ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) የቆረጠው ብዙውን ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ አስቦ ነው፣ እዚህ አየሩ ክብደቱ ሩብ ያህል ስለሚቀንስ ድብልቁ ከ10 በመቶ በላይ ቤንዚን ይበዛበታል። አዳማ ሲሄድ ደህና የሚሆንና እንጦጦን ወጥቶ ሱሉልታ ሲደርስ ጥቁር ጭስ እያወጣ ከኋላ የሚተኩስ መኪና ካላችሁ ካንዴላው ጥቁር መሆኑን አይታችሁ ካርቡሬተር የሚያውቅ ባለሙያ ዋናውን ጂግለር አንድ ቁጥር ዝቅ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ። ግን ጂግለሩን በሽቦ የሚጠርግ ወይም በመሰርሰሪያ የሚያሰፋ ሰው ጋ አትሂዱ፣ አንዴ ከሰፋ በቃ። ጂግለር ከመንካታችሁ በፊት ደሞ ቾኩ (በብርድ ሲነሳ አየሩን የሚቀንሰው ክዳን) ሳይከፈት ተጣብቆ እንዳልቀረና የአየር ማጣሪያው በአቧራ እንዳልታፈነ እዩ፣ የአሸዋ ሜዳ የሚውል መኪና ማጣሪያ ቶሎ ነው የሚደፈነው።

6. ጭስ መውጫው

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሱትና ማኒፎልዱ አጠገብ "ቲክ ቲክ ቲክ" የሚል ድምፅ ስሙ፣ እየሞቀ ሲሄድ ብረቱ ስለሚሰፋ ይጠፋል፣ ለዛ ነው ጋራዥ ስትደርሱ የማይገኘው። ጓርኒሲዮኑ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካለ እዛ ነው የሚያፈሰው። ረዳቱ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ የማርሚታውን ጫፍ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ይያዘው፣ ያፈሰሰበት ቦታ ይጮሃል። እግር ከፔዳል ሲነሳ ቱቦው ውስጥ ግፊቱ ይወርድና በዛች ቀዳዳ ንጹህ አየር ይስባል፣ ያልነደደው ቤንዚን እሱን ሲያገኝ ይፈነዳል። ጓርኒሲዮን ስትቀይሩ ማኒፎልዱ ራሱ እንዳልተጣመመ ቀጥ ያለ ብረት አስደግፋችሁ እዩ፣ ከተጣመመ ቶርኖ ቤት ይላጭ፣ አለበለዚያ አዲሱም ይቃጠላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማርሚታውን ውስጡን ባዶ አስደርገው ወይም ቆርጠው "ድምፅ እንዲኖረው" የሚያደርጉ ልጆች አሉ፣ ድሮ የማይሰማ ትንሽ መንጣጣት ሁሉ ያኔ ተኩስ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ደሞ ፍተሻ ጣቢያ አጠገብ ተኩስ የሚመስል ነገር ማሰማት ለማንም አይጠቅምም።

7. ቫልቭ

እስካሁን ካልተገኘ ወደ ውስጥ እንገባለን። መጀመሪያ ነፃው፦ አንድ ባለ አስር ብር ወይም ወረቀት ማርሚታው አፍ ላይ ያዙ፣ ሚኒሞ ላይ። ያለማቋረጥ ወደ ውጪ ከተገፋ ደህና፣ አልፎ አልፎ ወደ ውስጥ ከተሳበ የመውጫ ቫልቭ ተቃጥሏል ወይም አንዱ ሲሊንደር ሚስ ያደርጋል።

ቀጥሎ የቫልቭ ክፍተት። 22አር ሞተሩ ሞቆ መግቢያው 0.20፣ መውጫው 0.30 ሚሊሜትር ነው። የጠበበ ቫልቭ ድምፅ የለውም፣ ለዛ ነው የሚያታልለው፣ ሰው የሚፈራው የሚያንኳኳውን ነው። የጠበበው ግን ሲሞቅ አይዘጋም፣ ይቃጠላል፣ መግቢያው ከሆነ በካርቡሬተር ይተኩሳል። 4ዋይ ራሱ የሚያስተካክል ስለሆነ ይሄ አይመለከተውም።

ከዛ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት)፣ ሁሉም ካንዴላ ወጥቶ፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ። መጽሐፉ ለ22አር 171 ፒኤስአይ ይላል፣ ዝቅተኛው 142። እዚህ ከፍታ ላይ አዲስ የሚባል ሞተር 128 አካባቢ ነው የሚያነበው፣ 142 የተባለውም ወደ 106 ይወርዳል። 120 አንብቦ "ሞተርህ አልቋል፣ ይውረድ" የሚላችሁን ሰው ይሄንን ንገሩት። ዋናው ነገር በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፣ ከ14 መብለጥ የለበትም። አንዱ ብቻ ከወደቀ ማንኪያ የማትሞላ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምራችሁ ድገሙት፣ ከወጣ ፋሻ ነው፣ ካልወጣ ቫልቭ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወደቁ የቴስታታው ጓርኒሲዮን።

ኮምፕሬሽኑም ክፍተቱም ደህና ሆኖ ሁልጊዜ ከአንድ ሲሊንደር በካርቡሬተር የሚተኩስ ከሆነ የቫልቭ ሽፋኑን ከፍታችሁ ሞተሩን በእጅ እያዞራችሁ ቫልቮቹ እኩል መውረዳቸውን እዩ። የመውጫው ካም ከተበላ ቫልቩ በደንብ አይከፈትም፣ የነደደው ጋዝ መውጫ ያጣና መግቢያው ሲከፈት በዛ በኩል ይወጣል። ብዙ መካኒክ ይሄንን ሳያይ ነው ካርቡሬተር ሦስቴ የሚያጥበው።

ሲጨርሱ

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚነካው፣ ነክታችሁ ሞክሩ፣ ካልተለወጠ መልሱትና ወደ ቀጣዩ። ሙከራው ደሞ ግቢ ውስጥ ባዶውን በመርገጥ አይሆንም፣ መጀመሪያ በጻፋችሁት ሁኔታ ነው፣ ዳገት ላይ ከሆነ ጭነት ጭናችሁ ዳገት፣ ቁልቁለት ከሆነ ቁልቁለት፣ ጠዋት ብርድ ላይ ከሆነ አሳድራችሁ። ዲስትሪቢዩተሩ ከተስተካከለ በኋላ ሥሩ ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምሩ፣ ቀጣይ ማን እንደነካው ታውቃላችሁ። ከዛ ሳምንት ያህል ነድታችሁ ካንዴላዎቹን እንደገና አውጥታችሁ ቀለማቸውን እዩ።

ኢንጄክሽን ከሆነ ተራው ያው ነው፣ ግን ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ካለ መጀመሪያ ኮዱን አስነብቡ። ያው ኮዱ "ኦክስጅን ሴንሰር" ስላለ ብቻ ሴንሰሩን አትግዙ፣ የተቃጠለ የማኒፎልድ ጓርኒሲዮንም ያንኑ ኮድ ያመጣል።

አይሱዙና ሌሎች የናፍጣ መኪኖች ላይ ተኩስ ከሰማችሁ የካንዴላና የካሎታ ወሬ አይሠራም። ከአየር መግቢያው "ፓፍ" የሚል ከሆነ ቫልቭ አይዘጋም ወይም የቫልቭ ታይሚንግ ተሳስቷል፣ በዛ ሁኔታ ጭነት ይዛችሁ አትንዱት፣ ቫልቭ ፒስተን ቢመታ ወጪው ሌላ ነው። ከኋላ ከሆነ የሚያንጠባጥብ ኖዝል (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው)፣ ፓምፑ የዘገየ፣ ወይም የነዳጅ መስመር ውስጥ የገባ አየር ነው በብዛት። በድሮዎቹ ላይ ሞተሩ እየሠራ የኖዝሎቹን ቱቦ ዳዶ አንድ በአንድ ላላ እያደረጉ የሰነፈውን ሲሊንደር መለየት ይቻላል፣ መነፅርና ጓንት ይደረግ። ኮመን ሬል ያላቸው አዲሶቹ ላይ ግን ይሄንን በፍጹም እንዳትሞክሩ፣ ግፊቱ ከ1,000 ባር ስለሚያልፍ ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባል፣ እነሱን ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ውሰዷቸው።